ባህርይ፣ ስሜት ወይስ ደኅንነት? በእንስሳት ሳይንስ የሙያ መንገድ ለሚመርጡ የቀረበ ንጽጽር

አንዲት አህያ ጭነቷ ወርዶላት በገበያ ዳር ቆማለች እንበል። አንገቷን አቀርቅራለች፣ ጆሮዎቿ ወደ ጎን ወድቀዋል፣ አጠገቧ የተበተነውን ጭድ አልነካችም። የባህርይ ተመራማሪ ይህችን አህያ ሲያይ የሚጠይቀው ምን እየሠራች እንደሆነ፣ እንዲህ ሆና ስንት ደቂቃ እንደቆመችና ሌሎች አህዮች በዚሁ ሁኔታ ምን እንደሚያደርጉ ነው። የስሜት ተመራማሪው ውስጧ ያለው ሕመም ይሁን ድካም ወይስ እንዲሁ ዕረፍት፣ ይህስ በምን መለኪያ ሊታወቅ እንደሚችል ይጠይቃል። የደኅንነት ባለሙያው ደግሞ ኮርቻው የት ላይ እንደላጣት፣ ውኃ መቼ እንደጠጣች፣ ነገ ከዛሬ የተሻለ እንድትውል ማን ምን መለወጥ እንዳለበት ያስባል። ሦስቱም የሚያዩት አንዲት አህያ ነው፤ ነገር ግን የሚያስፈልጋቸው ትምህርት፣ የሥራ ቀናቸው መልክና ደመወዛቸውን የሚከፍለው አካል በጣም ይለያያል።

ይህ ጽሑፍ ባዮሎጂ፣ የእንስሳት ሀብት ወይም የእንስሳት ሕክምና ተምረው ቀጣዩን ደረጃ ለሚያመዛዝኑ ሰዎች የታሰበ ነው። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ለምን ይህን ዘርፍ እንደፈለጉ ሲጠየቁ «እንስሳት ስለምወድ» ብለው ይመልሳሉ። መውደዳቸውን አልጠራጠርም፤ ይሁንና በዚህ ሙያ ውስጥ የሚውል ሰው ከእንስሳቱ ጋር ከሚያሳልፈው ሰዓት የሚበልጠውን በሠንጠረዥ ላይ፣ ከባለ ከብቶች ጋር በመነጋገርና የምርምር ገንዘብ በመጠየቅ ስለሚያሳልፍ፣ ምርጫውን በፍቅር ብቻ የመዘነ ሰው በሁለተኛው ዓመት ይሰለቻል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘርፎቹ እንዴት ተለያዩ?

ኒኮ ቲንበርገን በ1963 አንድን ባህርይ ለመረዳት አራት ጥያቄዎች መነሣት እንዳለባቸው ጻፉ፤ ባህርዩን የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው፣ ከግልገልነት ጀምሮ እንዴት ያድጋል፣ ለመኖርና ለመራባት ምን ይጠቅማል፣ በዝግመተ ለውጥስ ከየት መጣ። በ1973 እርሳቸው፣ ኮንራድ ሎሬንዝና ካርል ፎን ፍሪሽ የኖቤል ሽልማት ሲጋሩ የእንስሳት ባህርይ ጥናት፣ ማለትም ኢቶሎጂ፣ ከሌሎቹ ሳይንሶች እኩል ወንበር አገኘ። ከአራቱ ጥያቄዎች መካከል ግን እንስሳው ምን እንደሚሰማው የሚጠይቅ አልነበረም። ዳርዊን ስለ ሰውና ስለ እንስሳት የስሜት አገላለጽ በ1872 መጽሐፍ ያሳተሙ ቢሆንም፣ ስሜት ሊለካ አይችልም ተብሎ ለረጅም ዘመን ወደ ጎን ተትቶ ኖሯል።

የደኅንነት ሳይንስ የመጣው በሌላ በር ነው። ሩት ሃሪሰን በ1964 በእንግሊዝ አገር የነበረውን ፋብሪካ መሰል እርባታ የሚያጋልጥ መጽሐፍ አሳተሙ፣ ሕዝቡ ተቆጣ፣ መንግሥትም በሮጀር ብራምቤል የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በ1965 ባቀረበው ሪፖርት እንስሳ ቢያንስ ለመቆም፣ ለመተኛት፣ ለመዞር፣ ራሱን ለማጽዳትና እጅና እግሩን ለመዘርጋት የሚበቃ ቦታ ሊኖረው ይገባል አለ። ዛሬ በየማሠልጠኛው የሚጠቀሱት «አምስቱ ነፃነቶች»፣ ማለትም ከረሃብና ከጥም፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነፃ መሆንና የተፈጥሮ ባህርይን ማሳየት መቻል፣ ከዚህ ዐረፍተ ነገር የተወለዱ ናቸው።

ይህ ታሪክ ለሥራ ፈላጊ የሚጠቅመው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ስለሚያሳይ ነው። የባህርይ ጥናት ደመወዝ ከዩኒቨርሲቲና ከምርምር ድጋፍ ይመጣል፤ የደኅንነት ሥራ ደመወዝ ከሕግ፣ ከሥጋና ከወተት ገዢዎች፣ እንዲሁም ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይመጣል፤ የስሜት ጥናት በሁለቱ መካከል ቆሞ ከሁለቱም ይለምናል። ሕግ ያዘዘው ሥራ የአንድ ፕሮፌሰር የድጋፍ ጊዜ ስላለቀ አይዘጋም። ይህን ልዩነት ከማንኛውም የዩኒቨርሲቲ የስም ዝርዝር አስቀድማችሁ እንድታመዛዝኑት እመክራለሁ።

በመስክ የሚደረግ የባህርይ ጥናት

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ዓለም የሚመኛት አገር ናት። ሃንስ ኩመር በ1960ዎቹ መጀመሪያ በድሬዳዋ አካባቢ፣ በኤረር ጎታ፣ ሃማድርያስ ዝንጀሮዎችን ተከትለው ያደረጉት ጥናት የዝንጀሮ ማኅበራዊ ኑሮ እንዴት እንደሚጠና ያስተማረ ነው። በሰሜን ተራሮች የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በመንዝ ጓሳ ደግሞ ከካሊፎርኒያ የመጡ ተመራማሪዎች፣ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ጭላዳዎችን አንድ በአንድ በመልካቸው እያወቁ ተከታትለዋል። በባሌ ተራሮች በ1995 የተመሠረተው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም አለ። እነዚህ ሁሉ የመስክ ረዳት፣ የመረጃ ሰብሳቢና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የሚፈልጉ ሥራዎች ናቸው።

የሥራውን ቀን በቅርብ እንመልከት። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ስለሆነ ተመልካቹ ፀሐይ ሳትወጣ አፋፉ ላይ መድረስ አለበት፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ በመሆኑ ውርጩ እጅ ያደነዝዛል፣ የታብሌቱም ባትሪ በብርድ ቶሎ ይሞታል። መንጋው ወደ ሣሩ ሲወጣ አንድ ዝንጀሮ ይመረጥና ለተወሰነ ደቂቃ ዓይን ከእርሱ አይነቀልም፤ ሣር መንጨቱ፣ ከማን ጋር እንደተቀማመለ፣ ማን ሲቀርበው እንደሸሸ ይመዘገባል። ጊዜው ሲያልቅ ቀድሞ በዕጣ ወደተለየው ሌላ ዝንጀሮ ይታለፋል። ይህ አሠራር ደንብ የያዘው ጂን አልትማን በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ ሲሆን፣ የተፈለገበት ምክንያት ዓይን በራሱ ፈቃድ ከተተወ ሁልጊዜ ወደ ጠብና ወደ ጩኸት ስለሚሮጥ፣ በሰላም የሚነጨው ብዙኃኑ ከመዝገብ ስለሚቀር ነው። በአብዛኛው ቀን ደግሞ ምንም አይፈጠርም። «ነጨ፣ ነጨ፣ ተነሣ፣ ነጨ» የሚል መዝገብ ለስድስት ወር መሙላት የማይከብደው ሰው ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው።

ትዕግሥቱ የሚያስገኘው ፍሬ ግን ትልቅ ነው። በጓሳ የተደረገ ክትትል እንዳሳየው ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎች መካከል እየተዘዋወረ አይጥ ሲያድን ከሙከራዎቹ 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶው ብቻ ነው፤ ጭላዳዎቹም የራሳቸው ግልገል በአጠገቡ እያለ አያባርሩትም። በሰሜን ተራሮች የተደረገው ጥናት ደግሞ አዲስ አውራ መንጋውን ሲቆጣጠር ብዙዎቹ እርጉዝ ሴቶች ጽንሱን እንደሚያቋርጡ ከእዳሪያቸው በተለካ ሆርሞን አረጋግጧል። ከዱር እንስሳ ደም ሳይቀዱ ሆርሞን መለካት መቻሉ ራሱ አንድ ሙያ ነው፤ ቤተ ሙከራ የሚወድ ሰው በዚህ በኩል ወደ መስክ ሊገባ ይችላል።

አገር በቀል ተመራማሪ የውጭው ሰው የማያየውን ጥያቄ እንዴት እንደሚያነሣ ከሚያሳዩት ሥራዎች እኔ የማስቀድመው በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ግደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው በ2012 ያሳተሙትን ነው። ጥያቄያቸው ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ሰው ሥጋ ሲተውና ከየቤቱና ከየልኳንዳው የሚጣለው ትርፍራፊ ሲቀንስ፣ ጅብ ምን ይበላል የሚል ነበር። ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከፋሲካ በኋላ የጅብ እዳሪ ለቀሙ፣ በውስጡ የተገኘውን ጸጉር በማይክሮስኮፕ ለዩ፤ የአህያ ጸጉር ድርሻ ከጾሙ በፊት ከነበረበት 15 በመቶ ገደማ በጾሙ ጊዜ ወደ 33 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለውን ብሂል የሚያውቅ ሁሉ ነገሩን በግምት ያውቀው ይሆናል፤ ከጾም ጋር እንደሚወጣና እንደሚወርድ ግን በቁጥር ያሳየው ይህ ጥናት ነው። የወጪው ዝርዝርም መልቀሚያ ከረጢት፣ ማድረቂያና ማይክሮስኮፕ ከመሆን ብዙም አያልፍም።

በዚህ መንገድ የመጨረሻው ወንበር ጠባብ መሆኑን መደበቅ አይገባም። ራሱን ችሎ ጥናት ለመምራት ሦስተኛ ዲግሪ ያስፈልጋል፣ ከዚያም በኋላ ቋሚ ቦታ የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው። በመስክ ረዳትነት የሚጀምር ሰው ገና ሲገባ ሊጠይቀው የሚገባው ነገር አለ፤ የምሰበስበው መረጃ ላይ የራሴን ጥያቄ ማንሣት እችላለሁ ወይ፣ በሚታተመው ጽሑፍ ላይስ ስሜ ይኖራል ወይ። ለዚህ ግልጽ መልስ የማይሰጥ ፕሮጀክት ለአንድ የሥራ ወቅት እንጂ ለሙያ አይሆንም።

የስሜት ጥናት

ስሜትን ማንም ሰው በቀጥታ አይቶት አያውቅም፤ ስለዚህ ይህ ዘርፍ ከሌሎቹ ይልቅ የብልሃት ዘርፍ ነው። ብልሃቱ ምን እንደሚመስል ለማወቅ በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2004 የታተመውን የአይጥ ሙከራ ማየት ይበቃል። አይጦቹ አንድ ድምፅ ሲሰሙ መጫኛውን ከተጫኑ ምግብ እንደሚመጣ፣ ሌላ ድምፅ ሲሰሙ ግን ካልታገሡ የሚያስጨንቅ ጩኸት እንደሚከተል ተማሩ። ከዚያ በሁለቱ መካከል ያለ፣ ትርጉሙ ያልተለየ ድምፅ ተሰማቸው። መኖሪያቸው በየጊዜው በድንገት ሲረበሽባቸው የሰነበቱት አይጦች ይህን አሻሚ ድምፅ ሲሰሙ ከሌሎቹ ይልቅ ዘገዩ፣ መልካም ነገር እንደማይጠብቁም አሳዩ። እኛ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የምንለውን እነርሱ በሰከንድ ለኩት ማለት ነው። በ2011 የኒውካስል ተመራማሪዎች ይህንኑ በንብ ላይ ሞከሩት፤ ቀፎዋ በአውሬ የተጠቃባት እስኪመስል ድረስ የተናወጠች ንብ አሻሚውን ሽታ መራራ ነገር እንደሚያስከትል ቆጥራ ምላሷን ሳትዘረጋ ቀረች።

ሌሎች መለኪያዎችም አሉ። ያክ ፓንክሴፕ አይጦች ሲጫወቱና ሲኮረኮሩ በ50 ኪሎ ኸርትዝ ገደማ፣ ከሰው ጆሮ መስማት በላይ፣ የደስታ ድምፅ እንደሚያሰሙ አሳዩ፤ በ2010 ደግሞ የአይጥን ሕመም ከዓይኗ መጨፈንና ከጆሮዋ አቀማመጥ የሚያነብ የፊት መለኪያ ታተመ፤ ለፈረስ የተዘጋጀው በ2014 ተከተለ። በ2012 በካምብሪጅ፣ በ2024 ደግሞ በኒው ዮርክ ሳይንቲስቶች የንቃተ ሕሊናን ጉዳይ በይፋ መግለጫ አንሥተዋል። ብሪታንያም በ2022 ባወጣችው ሕግ ሸርጣንና ኦክቶፐስን ስሜት ካላቸው እንስሳት መካከል ቆጠረች። ስለዚህ ዘርፉ በሕግ አውጪዎች ዘንድ መደመጥ ጀምሯል።

እንግዲህ ማን ይምረጠው? ስታቲስቲክስ የሚወድ፣ ሙከራ ሲነድፍ «ይህን ውጤት ከስሜት ሌላ ምን ሊያመጣው ይችላል?» ብሎ ራሱን ደጋግሞ የሚጠይቅና መልሱ «ብዙ ነገር» ሲሆን የማይናደድ ሰው ይምረጠው። ቤተ ሙከራዎቹ በአብዛኛው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ስለሆኑ ከኢትዮጵያ የሚነሣ ሰው በቀጥታ ወደዚህ ለመግባት መሞከሩ ከሁሉም አስቸጋሪው መንገድ ይመስለኛል። ይሁንና ብልሃቱ ርካሽ ሆኖ ሊሠራ ይችላል። በ2013 በእንግሊዝ አገር፣ በፍየል መጠለያ ውስጥ የተሠራው ሙከራ የፈለገው በረት፣ አጥር፣ ባልዲና የሰዓት መቁጠሪያ ብቻ ነው፤ አንደኛው ጎን ባልዲው ሁልጊዜ መኖ አለበት፣ ሌላኛው ባዶ ነው፣ ከዚያ መካከል ላይ ወዳለው ባልዲ ፍየሏ በምን ፍጥነት እንደምትሄድ ይለካል። ድሮ የተጎሳቆሉ ፍየሎች ተስፋ ቢስ ሆነው ይገኛሉ ተብሎ ቢጠበቅም፣ ከረጅም ጊዜ መልካም አያያዝ በኋላ ያ አልታየባቸውም፤ እንዲያውም ሴቶቹ ይበልጥ ተስፈኛ ሆነው ተገኙ። አንድ የእንስሳት ሀብት ተማሪ ይህን ለመመረቂያ ጽሑፉ በግቢው ፍየሎች ላይ ሊያደርገው ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ሥራ ይዞ ለውጭ አገር ትምህርት የሚያመለክት ሰው ከመቶ የፍቅር ደብዳቤ ይበልጣል።

የደኅንነት ሳይንስ

አሁን ወደ ራሴ ምርጫ ደረስኩ፤ ሚዛኔ ወደዚህ ያደላ መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅ።

ይህ ዘርፍ በተማሪዎች ዘንድ ክብሩ ዝቅ ያለ ነው። ስለ ጭላዳ የሚያጠና ሰው በሠርግ ቤት ሥራውን ሲናገር ሁሉም ጆሮውን ይሰጠዋል፤ የአህያ ጀርባ ቁስል እለካለሁ የሚል ሰው ግን ፈገግታ ነው የሚያተርፈው። ነገር ግን ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም አንደኛ ናት፤ የከብቷ ቁጥር ከ60 ሚሊዮን በላይ ነው፤ የቁም እንስሳና ሥጋ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ትልካለች። በቢሾፍቱ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አካባቢ ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የተባለው የአህዮች በጎ አድራጎት ድርጅት ለረጅም ዓመታት ሠርቷል፤ ብሩክና ስፓና የተባሉት ድርጅቶችም በጋማ ከብት ላይ ይሠራሉ። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ከ2005 ጀምሮ የደኅንነት ደረጃዎችን ሲያወጣ ቆይቶ በ2016 ለሥራ የሚውሉ ፈረሶችን፣ በቅሎዎችንና አህዮችን የሚመለከት ምዕራፍ አጽድቋል። የአፍሪካ ኅብረት መሪዎችም በየካቲት 2024 አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳው ማረድን አግደዋል። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲወሰን በማግስቱ የሚያስፈልገው የሚቆጥር፣ የሚገመግምና ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ነው።

የሥራው መልክ ይህን ይመስላል። ገምጋሚው ወደ አህያዋ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚመዘግበው እርሷ የምታሳየውን ነው፤ ወደ እርሱ ዞረች፣ ሸሸች ወይስ ምንም አልመሰላትም። ቀጥሎ መዳፉን ጀርባዋና ጎኗ ላይ አሳርፎ አጥንቷ ምን ያህል እንደሚዳሰስ ከ1 እስከ 5 ባለ ሚዛን ያስቀምጣል፤ ከዚያ የቁስሉን ቦታና ስፋት፣ የኮቴዋን አበቃቀል፣ አረማመዷን ያያል። ውኃ መጠማቷን ለማወቅ ቆዳዋን ቆንጥጦ መመልከት የለመደ ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን በሥራ ላይ ባሉ የጋማ ከብቶች ይህ ምልክት አስተማማኝ እንዳልሆነ ታይቷል፤ ንጹሕ ውኃ በባልዲ አቅርቦ መጠጣቷን ማየት ይሻላል። መጨረሻ ላይ ባለቤቱን ማነጋገር ይመጣል፤ እዚህ ላይ የሚወድቁት ብዙዎች ናቸው። «አባባ፣ ይህች አህያ ምነው ጀርባዋ?» ብሎ የሚጀምር ሰው ወቀሳ የመጣበት የሚመስለውን ሽማግሌ ወዲያው ያስኮርፋል። ስለ መንገዱ ርቀት፣ ስለ እህሉ ዋጋ፣ ኮርቻውን ማን እንደሰፋው ጠይቆ ቀስ ብሎ ወደ ቁስሉ የሚደርስ ሰው ግን መፍትሔውን ከሽማግሌው አፍ ይሰማዋል።

እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር በሸዋ ገበያ ውስጥ ሠላሳ አህዮችን ለየብቻችን መዝነን ነበር። ቁስሉ ላይ ከሞላ ጎደል ተስማማን፤ «የፈዘዘች» በሚለው ሳጥን ላይ ግን ፈጽሞ አልተገናኘንም፤ እኔ ሃያ ያህሉን ፈዛዛ ብዬ ነበር። ኋላ ስንመረምረው የእኔን ምዝገባ ያበላሸው ሰዓቱ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ፣ በሙቀቱ፣ ጭነቷ የወረደላት ጤነኛ አህያ ሁሉ አንገቷን አቀርቅራ ታርፋለች። ምዘናውን ወደ ጠዋት አዛውረን እያንዳንዷን ረዘም ላለ ጊዜ ስናያት ልዩነታችን ጠበበ። በዚህ ሙያ ሁለት ተመልካቾች ምን ያህል እንደሚስማሙ ሳይለካ የሚወጣ ቁጥር ዋጋ የለውም፤ ይህን የማያስተምር ሥልጠና ቢያጋጥማችሁ እለፉት።

በቄራ በኩል ያለው ሥራ ለብዙዎች የሚከብድ ቢሆንም ለውጡ በፍጥነት የሚታየው እዚያ ነው። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ቴምፕል ግራንዲን በአሜሪካ ቄራዎች ያስፋፉት መለኪያ ቆጠራ ብቻ ነው፤ ከ100 ከብት ስንቱ ጮኸ፣ ስንቱ ወደቀ፣ ስንቱ በኤሌክትሪክ ዘንግ ተነዳ፣ ስንቱስ በመጀመሪያው ምት ራሱን ሳተ። ከ100 ከ3 በላይ ከጮኹ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ምክንያቱ የሚያንሸራትት ወለል፣ በኮሪደሩ ላይ የወደቀ ጥላ ወይም አጥር ላይ የተሰቀለ ካፖርት ሆኖ ይገኛል። በአውሮፓ ኅብረት በ2009 የወጣው ደንብ በዓመት ከ1,000 የእንስሳት መለኪያ (አንድ አዋቂ ከብት እንደ አንድ ይቆጠራል) በላይ የሚያርድ ቄራ ሁሉ የእንስሳት ደኅንነት ኃላፊ እንዲኖረው ያዝዛል፤ በምርምር እንስሳት ላይ የወጣው የ2010 መመሪያም በየተቋሙ የደኅንነት አካል እንዲቋቋም ያስገድዳል። በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖች ይህ በቀጥታ የሥራ ማስታወቂያ ማለት ነው።

የዚህ መንገድ ጉዳቱም መነገር አለበት። የበጎ አድራጎት ድርጅት ኮንትራት አጭር ነው፤ የቀጣሪው ፍላጎትና የእንስሳው ጥቅም በሚጋጩበት ቀን መሐል ላይ የሚቆመው ገምጋሚው ነው፤ በየቀኑ ቁስል ማየትም ሰውን ያደክማል።

የእንስሳት ሐኪም መሆን ግድ ነው?

አይደለም። በ1986 በካምብሪጅ የዓለም የመጀመሪያው የእንስሳት ደኅንነት ፕሮፌሰር የሆኑት ዶናልድ ብሩም የሥነ እንስሳት ሰው ናቸው፤ ግራንዲንም ሐኪም አይደሉም። ሐኪምነት የሚያስፈልገው መድኃኒት ለሚያዝ፣ ሕመምን ከባህርይ ችግር ለሚለይ ሰው ነው። በአሜሪካ የባህርይ ሐኪም ለመሆን ከዲግሪው በላይ የዓመታት ልዩ ሥልጠናና ፈተና አለ፤ ከኢትዮጵያ በሕክምና ተመርቆ የሄደ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የውጭ ምሩቃን የብቃት ማረጋገጫውንና የፈቃድ ፈተናውን ማለፍ ይኖርበታል። ይህ ረጅምና ውድ ነው።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ያሉ ወጣቶች የሚያነሡት የውሻ አሠልጣኝነት በጣም አጭሩ መንገድ ነው፤ አሠልጣኝ ነኝ ለማለት የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልግምና። ችግሩም ይኸው ነው፤ ዐዋቂውም አላዋቂውም አንድ ሰሌዳ ይሰቅላል። ከዚያ ለመለየት የሚፈልግ ሰው የእንስሳት ባህርይ ማኅበር የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት ይመልከት፤ ሙሉው ደረጃ ሦስተኛ ዲግሪና የአምስት ዓመት ልምድ፣ ተባባሪው ደረጃ ሁለተኛ ዲግሪና ሁለት ዓመት ይጠይቃል።

የት መማር?

በብሪታንያ ማስተርስ አንድ ዓመት ነው፤ የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የተግባራዊ ባህርይና ደኅንነት ማስተርስ ከ1990 ጀምሮ የሚሰጥ፣ በዘርፉ ስሙ የታወቀ ነው። በስዊድን ሊንሾፒንግና በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ሁለት ዓመት ነው። አንዱ ዓመት አጭር መሆኑ ይማርካል፤ ነገር ግን ምርምር ሠርቶ ለማሳተም አይበቃም፤ ሦስተኛ ዲግሪ የሚያስብ ሰው ሁለት ዓመቱን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ወደ ሥራው ሊመለስ የሚቸኩል ሰው ደግሞ አንዱ ይበቃዋል። ቼቭኒንግ የተባለው የብሪታንያ ስኮላርሺፕ የሚሸፍነው ይህን የአንድ ዓመት ማስተርስ ሲሆን፣ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ከዚያም ሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስን ያስገድዳል። በካናዳና በአሜሪካ አሠራሩ ሌላ ነው፤ እዚያ የምርምር ተማሪ የሚገባው በአንድ መምህር ገንዘብ ስለሆነ፣ ማመልከቻው ለዩኒቨርሲቲው ከመድረሱ በፊት ለመምህሩ ደብዳቤ መጻፍ ግድ ነው። በ1997 የተመሠረተው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የደኅንነት ፕሮግራም በወተት ላሞች ላይ ስለሚያተኩር ከኢትዮጵያ የወተት እርባታ ልምድ ይዞ ለሚሄድ ሰው ይስማማዋል።

ደብዳቤውን ከመጻፍ በፊት አንድ ሳምንት ይመደብ። በየቀኑ ለአንድ ሰዓት፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በግቢ ውስጥ ካሉ ዶሮዎች፣ ከሠፈር ውሾች ወይም ከቆሙ የጋሪ ፈረሶች አጠገብ ተቀምጦ በየሁለት ደቂቃው እያንዳንዱ ምን እያደረገ እንደሆነ በመስመር መመዝገብ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩ ዳር ላይ የተጻፉትን ጥያቄዎች ያንብቡ። «ይህች ዶሮ ለምን ሁልጊዜ ከዚያች ጎን ትቆማለች?» የሚሉ ከበዙ መንገዱ ወደ ጓሳ ነው፤ «ፈርታ ይሆን ወይስ እንዲሁ ነቅታ? እንዴት ልለየው?» የሚሉ ከበዙ ወደ ብሪስቶልና ወደ ባልዲው ሙከራ ነው፤ በሦስተኛው ቀን መመዝገቡን አቋርጠው ፈረሱን ወደ ጥላ ካዞሩት ወይም ባለ ጋሪውን አነጋግረው ከሆነ ደግሞ ወደ ቢሾፍቱ ነው። ለመምህሩ የሚላከው ደብዳቤም ስለ ፍቅር አንድ አንቀጽ ከሚይዝ ይልቅ ከዚህ ደብተር የወጣ አንድ ሠንጠረዥ ይያዝ።